ባትሪው ነው ወይስ ሞተሪኖው?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለሾፌሮች፣ ለግዥ ኮሚቴ አባላትና ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)







እንዲህ ባለ በዓል ላይ ከአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚጠበቀው ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ኮምፖስት ወይም በመስመር ስለ መዝራት መናገር ነው። እኔ ግን ዛሬ የቆምኩት ስለ መኪና ሞተሪኖ ልናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ፈገግታችሁ ተገቢ ነው፤ የተማርኩት ዕፅዋት ሳይንስ እንጂ መካኒክነት አይደለም። ይሁን እንጂ ማዳበሪያውም ሆነ ዘሩ ከመጋዘን ወደ አርሶ አደሩ ደጃፍ የሚደርሰው በመኪና ነው። በአብዛኞቹ ማኅበሮቻችን ያሉት መኪናዎች ደግሞ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። አሮጌ መኪና ጠዋት አልነሳ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚባክነው የአባላት ገንዘብ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከገንዘብ የበለጠ ነገር ይባክናል። ወደዚህ ነገር በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

1. ጉዳዩ እንዴት ተነሳ?

በምሠራበት አካባቢ ያለ አንድ መሠረታዊ ማኅበር አሮጌ ናፍጣ ፒክአፕ አለው። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ማለት ጀመረ። ቁልፉ ሲጠመዘዝ አንዲት "ጠቅ" የምትል ድምፅ ብቻ ትሰማለች፤ ከዚያ ዝም። ኮሚቴው ተሰበሰበና ባትሪው ሞቷል ተብሎ አዲስ ባትሪ ተገዛ። መኪናው ለጥቂት ወራት በደህና ሠራ። በሚያዝያ ወር ያው ችግር ተመልሶ መጣ። እንደገና ተሰበሰብን፤ ሁለተኛ ባትሪ ተገዛ። በዚህኛው ስብሰባ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ውሳኔ ተላለፈ። ሾፌሩ ባትሪውን በግዴለሽነት አበላሽቷል ተብሎ ዋጋው ከደመወዙ በየወሩ እንዲቆረጥ ተወሰነ።

ሾፌሩ በስብሰባው ላይ ተነስቶ፣ "መብራቱ እኮ ቁልፍ ስጠመዝዝ እንኳ አይፈዝምም፤ ባትሪው አይመስለኝም" ብሎ ነበር። የሰማው ሰው አልነበረም። የማኅበሩ ጸሐፊ በዕለቱ ስላልተገኙ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቴክኒክ ጉዳይ አማካሪ ተብዬ የተቀመጥኩትም እኔው ነበርኩ። የሾፌሩን ቃል ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም።

ሰኔ ገባ። የዩሪያ ማጓጓዣ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ባደረበት ጠዋት መኪናው እንደለመደው አልነሳም አለ። ለማዳበሪያ የመጡ አባላት ተሰብስበው ይገፉ ጀመር። በጭቃው ላይ አንድ አባት ተንሸራተው ወደቁ፤ የኋላው ጎማ ከእግራቸው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት አለፈ። እግዚአብሔር አተረፋቸው። በዚያው ሳምንት መኪናውን ይዤ ወደ ወረዳው ከተማ ሄድኩ፤ ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድም ሁለት ቀን ዋልኩ። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ አንብቤና ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው።

2. ሞተሪኖ ምን ይሠራል?

ሞተሪኖ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም "ትንሽ ሞተር" ማለት ነው። ትልቁ ሞተር በራሱ መዞር አይጀምርም፤ መጀመሪያ የሚያዞረው ይፈልጋል። ድሮ ይህ ሥራ ከፊት ለፊት በሚገባ ብረት በሰው ጉልበት ይሠራ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማስነሻ በፋብሪካ ተገጥሞ ለሽያጭ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በወጣው የካዲላክ መኪና ላይ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ቁልፉን ስንጠመዝዝ በቀጭን ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሶሌኖይዷ ይሄዳል። ሶሌኖይድ ማለት ከሞተሪኖው ጋር ተያይዛ ያለች ማግኔት ናት። ይህች ማግኔት ሁለት ነገር ትሠራለች። አንደኛ፣ ቤንዲክስ የሚባለውን ባለ ጥርስ ብረት ገፍታ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ታያይዛለች። ሁለተኛ፣ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶችን በማገናኘት ከባትሪው በወፍራሙ ገመድ የሚመጣውን ብርቱ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሪኖው ትለቃለች። "ጠቅ" የምትለው ድምፅ የዚህች ማግኔት ድምፅ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ወደ 10 አምፔር ገደማ ነው። የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል። በመሆኑም መብራት ስለበራ ብቻ ባትሪው ደህና ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ነገር ቁልፉ በሚጠመዘዝበት ቅጽበት መብራቱ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

3. ምልክቶቹን መለየት

እኛ የግብርና ባለሙያዎች ለአርሶ አደሩ ሁልጊዜ የምንለው አለ። የስንዴው ቅጠል ቢጫ ስለሆነ ብቻ ዩሪያ አይጨመርም። ቢጫ የሆነው ናይትሮጂን አንሶት ሊሆን ይችላል፤ በመረሬ አፈር ላይ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ ታፍኖም ሊሆን ይችላል፤ በሽታም ሊሆን ይችላል። ውኃ ለተኛበት ማሳ መድኃኒቱ ቦይ ነው። ይህንን ለሌላው እያስተማርኩ ለመኪናው ግን ቢጫ ባየሁ ቁጥር ዩሪያ ስጨምር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ማታ ወይም ጥላ ባለበት ቦታ የፊት መብራቱን አብርታችሁ፣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እያየ ቁልፉን ጠምዝዙ። ከዚያም የሚከተሉትን ለዩ።

ሀ) "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል ፈጣንና ተደጋጋሚ ድምፅ ከተሰማና መብራቱ ከፈዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል፣ ዝጓል።

ለ) ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ከዞረ ባትሪው፣ ገመዶቹ ወይም ያረጀ ሞተሪኖ ሊሆን ይችላል። በቴስተር መለካት ያስፈልጋል።

ሐ) አንዲት ጠንካራ "ጠቅ" ብቻ ተሰምታ መብራቱ ሳይፈዝዝ ከቀረ፣ ኤሌክትሪኩ ሶሌኖይዷ ጋ ደርሶ ከዚያ ወዲያ አላለፈም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ኮንታክቶቹ ተበልተዋል ወይም ካርቦኖቹ አልቀዋል። የእኛ ሾፌር የነገረን ምልክት ይህ ነበር።

መ) አንዲት "ጠቅ" ተሰምታ መብራቱ በጣም ከፈዘዘ፣ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ተለክቶ ደህና ከሆነ ግን ሞተሪኖው ወይም ራሱ ሞተሩ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ቁልፉን ደጋግሞ መጠምዘዝ ጉዳት ያስከትላል።

ሠ) ምንም ድምፅ ከሌለና መብራቱም ካልፈዘዘ፣ ወደ ሶሌኖይዷ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የቁልፉ ቤት ይታይ።

ረ) ሞተሪኖው "ዝዝዝ" እያለ ብቻውን ከዞረና ሞተሩ ካልዞረ ቤንዲክሱ አይያያዝም ማለት ነው። "ክርርር" የሚል የብረት ፍጭት ከተሰማ ደግሞ የቤንዲክሱ ወይም የቮላኖው ጥርስ ተጎድቷል።

ሰ) ሞተሩ በደንብ እየዞረ ግን ካልተነሳ ጥፋቱ የሞተሪኖው አይደለም። ናፍጣው፣ ወደ መስመሩ የገባ አየር ወይም ካንዴሌታው ይታይ።

4. ከመግዛት በፊት መለካት

ቴስተር የምትባለዋ መለኪያ ከባትሪ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ በጣም ትንሽ ነው። እያንዳንዱ መኪና ያለው ማኅበር አንድ ቢኖረው መልካም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለባለ 12 ቮልት መኪና ናቸው። አንዳንድ የጭነት መኪናዎች ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

በመጀመሪያ መኪናው ካደረ በኋላ፣ ሳይነሳ፣ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል፤ ከመፍረድ በፊት ቻርጅ ይደረግ።

ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሞተሩን ሲያዞር ለኩ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ያጠራጥራል።

ሦስተኛ፣ መኪናው ከተነሳ በኋላ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ከሆነ ዲናሞው ይሞላል። ከ13 በታች ከሆነ ግን አዲስ ባትሪም ብትገዙ ባዶ ይሆናል፤ ችግሩ የዲናሞው ነው።

አራተኛ፣ የሚዘነጋው ልኬት ይኸኛው ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ገመድ መካኒኮች "ማሳ" ይሉታል። እኛ የምናርሰው ማሳ ሳይሆን የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ ሲዞር ለኩ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ተዘግቷል፤ ገመዱ ዝጓል ወይም ብሎኑ ላልቷል። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ በዚሁ ዓይነት ሲለካ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም።

በእኛ መኪና ላይ ባለሙያው ይህንን ሁሉ የለካው ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ባትሪው ደህና ነበር። የማሳው ገመድ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዝጓል። ሞተሪኖው ወርዶ የሶሌኖይዷ ክዳን ሲከፈት ደግሞ ከሁለቱ የመዳብ ኮንታክቶች አንደኛዋ በአንድ ወገን ተበልታ ከግማሽ በታች ቀርታለች። መዳቧ ከጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። በብዙ አሮጌ ቶዮታ መኪናዎች ላይ ይህች መዳብ ብቻዋን ስለምትቀየር ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። አዲሶቹ ባትሪዎች መኪናውን ለጊዜው ያስነሱት፣ ጉልበታቸው ሙሉ ስለነበር ሶሌኖይዷን ጠንክረው ስለሳቧትና የተበላችው መዳብም አንዳንዴ ስለምትነካ፣ አንዳንዴ ስለማትነካ ነው።

5. ሞተሪኖ አወራረድና አገጣጠም

ሞተሪኖ ማውረድ ሠልጥኖ ላየ ሾፌር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል።

1ኛ. መኪናው በሜዳማ ቦታ ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይደረግ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ።

2ኛ. በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ሲገጠም ግን ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሁን። ይህ ካልተጠበቀ መፍቻው የሞተሪኖውን ወፍራም ብሎንና የመኪናውን አካል አንድ ላይ ሲነካ ብልጭታና ቃጠሎ ያስከትላል።

3ኛ. ሽቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት የትኛው ከየት እንደሆነ በጨርቅ ወይም በቀለም ምልክት ይደረግባቸው።

4ኛ. ሞተሪኖው ብዙውን ጊዜ የተያዘው በሁለት ወይም በሦስት ብሎን ነው። የመጨረሻው ብሎን ሲፈታ በአንድ እጅ ይደገፍ፤ ከባድ ስለሆነ ፊት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

5ኛ. ከወረደ በኋላ በቀዳዳው በኩል የቮላኖው ጥርስ ይታይ። ሞተሩ በእጅ እየዞረ ዙሪያውን በሙሉ መታየት አለበት። የቮላኖው ጥርስ ከተበላ አዲሱንም ሞተሪኖ ያበላሸዋል።

6ኛ. አዲስ ወይም ያገለገለ ሞተሪኖ ሲገዛ አሮጌው ተይዞ ይኬድ። ቮልቱ፣ የጥርሱ ብዛት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥና የሚዞርበት አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሻጩ ፊት በባትሪ ይሞከር፤ ሲሞከርም ስለሚዘል በደንብ ይታሰር ወይም በእግር ይያዝ።

7ኛ. ሞተሪኖው የሚያርፍበት ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረግ። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በዚያ በኩል ስለሆነ ዝገት፣ ዘይትና ቀለም ሊኖርበት አይገባም። ብሎኖቹ በደንብ ይጥበቁ፤ የማሳው ገመድም አብሮ ይታደስ።

8ኛ. ለማስነሳት ሲሞከር ከ10 ሰከንድ በላይ ያለማቋረጥ አይያዝ። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ። ረጅም ጊዜ የተያዘ ሞተሪኖ ግሎ ይቃጠላል።

6. መታረም ያለባቸው ልማዶች

አንዳንድ ሾፌሮች ሞተሪኖውን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያስነሳሉ። ካርቦኑ ሲያልቅ ይህ አንዳንዴ ይሠራል። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው የአንድ ቀን መውጫ ሊሆን ይችላል፤ ጥገና ግን አይደለም። በኃይል ከተመታም ውስጡ ያለው ማግኔት ሊሰበር ይችላል። በካቻቢቴ ሁለቱን ብሎን አገናኝቶ ማስነሳት ደግሞ ፈጽሞ መቅረት አለበት። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከነበረ በሰው ላይ ይነሳል። ከባትሪው የሚወጣው ጋዝም በብልጭታ ይፈነዳል።

ስለ መግፋትም አንድ ቃል ልበል። የእጅ ማርሽ ያለው መኪና ተገፍቶ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን በቁልቁለት፣ በጭቃና ሰው በበዛበት ቦታ አይገፋ። ከፊት ማንም አይቁም። መግፋት ለአንድ ቀን ይሁን። በየጠዋቱ የሚገፋ መኪና ካላችሁ መኪናው ታሟል፤ እናንተም በሽታውን ደብቃችኋል። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም።

የባትሪው ራስ በየወሩ ይታይ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከወጣበት ኔጌቲቩ ተፈትቶ ምግብ ማብሰያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ይታጠብ፤ ይድረቅ፤ ከጠበቀ በኋላ ግሪስ ወይም ቫዝሊን በስሱ ይቀባ። ሞተር ሲታጠብ ውኃ በቀጥታ ሞተሪኖው ላይ አይረጭ። ከላይ ዘይት የሚያንጠባጥብበት ከሆነም የሚያንጠባጥበው ይደፈን።

7. በመጨረሻ

ከጋራዥ እንደተመለስን አንድ ነገር አየሁ። በኅዳር "ሞተ" ተብሎ የወጣው የመጀመሪያው ባትሪ የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። መጋዘን ጠባቂው ከአንዲት የሶላር ሰሌዳ ጋር አያይዘውት ሰባት ወር ሙሉ አምፖል ሲያበሩበት ኖረዋል። ሁላችንም በዚያ አምፖል ብርሃን ሥር ቁጭ ብለን ነበር ሁለተኛውን ባትሪ የገዛነው፤ ሾፌሩንም የቀጣነው በዚያው ብርሃን ሥር ነው።

ኮሚቴው ጉዳዩን እንደተረዳ ሳይውል ሳያድር ተሰብስቦ የተቆረጠው ደመወዝ እንዲመለስ ወሰነ። ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ገንዘቡን ለሾፌሩ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ቆጥሮ ተቀበለኝና እንዲህ አለኝ፦ "ገንዘቡ ተመልሷል። ግዴለሽ የተባልኩት ግን በሰው ፊት ነው፤ እሱስ?" መልስ አልነበረኝም።

ያ ሰው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ማንነቱን የሚያውቁት ያውቁታል። እነሆ በሰው ፊት እናገራለሁ። ባትሪውን አላበላሸህም። የነገርከን ምልክት ትክክል ነበር። የተናገርከውን ሳልጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

የተከበራችሁ ተወካዮች፣ ከዚህ በመነሳት ለየማኅበሮቻችሁ ይዛችሁ እንድትሄዱ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የመኪና ዕቃ ግዥ ሲጠየቅ የልኬቱ ውጤት በጽሑፍ ከጥያቄው ጋር ይያያዝ፤ ሳይለካ አይገዛ። ሁለተኛ፣ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለኮሚቴው ይታይ፤ በእርግጥ መበላሸቱም ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ መኪናውን በየቀኑ የሚይዘው ሰው የሚናገረው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ቃሉ ሳይመረመርም አይቀጣ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኛ በጥድፊያ የገዛነው ሁለት ጊዜ ተፈትቶብናል። እናንተ ከእኛ ተማሩ።

ዘመኑ የሰላምና የጥጋብ ይሁንልን።